ዋስ ያለው ስህተት

አርቺ አንድሩስ ከሰማንያ ዓመት በላይ የሃይስኩል ተማሪ ሆኖ ኖሯል። ቀይ ፀጉር ያለው፣ ፊቱን ጠቃጠቆ የሞላው፣ ለትምህርትም ለስፖርትም ለፍቅርም ብዙ ጉጉት እንጂ ብዙ ችሎታ የሌለው ልጅ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንባቢ የቀረበው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1941 በወጣው የ«ፔፕ ኮሚክስ» መጽሔት 22ኛ ዕትም ላይ ነበር። ሠዓሊው ቦብ ሞንታና ገጸ ባሕርያቱን ሲነድፍ ማሳቹሴትስ ውስጥ ሄቨርሂል በምትባል ከተማ የተማረበትን ሃይስኩል ትዝታ ተጠቅሟል። ያ ወር አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የገባችበት ወር ነው። ከአርቺ በጥቂት ዓመት የሚበልጡ ልጆች ወደ ግንባር ለመሄድ ሲሰለፉ፣ የአርቺ ጭንቀት አዲሷን ጎረቤቱን ቤቲ ኩፐርን ማስደነቅ ነበር። አልተሳካለትም። በሚቀጥለው ዕትም ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ የተከታታዩ ሕግ ይኸው ነው። በዚህ ወር የተሰበረው በሚቀጥለው ወር ሙሉ ነው። አርቺ የርዕሰ መምህሩን የሚስተር ዌዘርቢን ቢሮ ያተራምሳል፤ ከቤቲና ከቬሮኒካ ጋር በአንድ ምሽት ይቀጣጠርና በሁለቱም ይያዛል፤ የቬሮኒካን ሀብታም አባት የሚስተር ሎጅን ውድ ዕቃ ይሰብርና ከቤት ይባረራል። አንባቢ ይስቃል፣ ገጹ ያልቃል፣ ጥፋቱም አብሮ ያልቃል። ሪቨርዴል በምትባለው በዚያች ምናባዊ ከተማ ጉርምስና ማለት ስህተት ሁሉ የሚሠራበት፣ ግን አንድም ስህተት ዕድሜ ልክ የማይከተልበት ዘመን ነው።

ይህ ቀልድ ከሥሩ የሞራል ጥያቄ አለበት። ወጣት ዋጋ ሳይከፍል የመሳሳት መብት አለው? ወይስ እንዲህ ያለው ዓለም ለልጆች የሚነገር ጣፋጭ ውሸት ነው?

ጥያቄው የትም ቦታ ሊነሣ ይችላል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር በስተምሥራቅ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ከኦሎምፒክ እስከ ዊትወርዝ በተዘረጋችው አጭር መንገድ ላይ ሲነሣ ግን ክብደቱ ይለያል። የከተማው ምክር ቤት በ2002 እ.ኤ.አ. «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየማት ይህች መንገድ በእንጀራና በቡና ሽታዋ ትታወቃለች። ማኅበረሰቡን ካቆሙት ሰዎች ብዙዎቹ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ከአገር የወጣው ትውልድ አባላት ናቸው። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው የሚማሩት አርቺን በወለደችው አገር ሃይስኩል ነው። የወላጆቻቸው ሃይስኩል ግን ሌላ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ከክፍል ወጥተው ወደ ገጠር ተላኩ። ከዘመቻው ሲመለሱ የጠበቃቸው የጥናት ወንበር ሳይሆን ቀይ ሽብር ነበር። ወረቀት መበተን፣ የተከለከለ ጽሑፍ ማንበብ፣ ከአንድ የሰፈር ልጅ ጋር መታየት፣ አንዳንዴም ዝም ብሎ ወጣት መሆን ብቻውን ለሞት የሚያበቃ ጥፋት ሆነ። ሚያዝያ 21 ቀን 1969 ዓ.ም. ከሜይ ዴይ ዋዜማ አስቀድሞ አዲስ አበባ ላይ በአንድ ሌሊት በርካታ ወጣቶች ተረሸኑ። የልጁን አስከሬን ለመውሰድ የመጣ ወላጅ የጥይቱን ዋጋ ክፈል የተባለበት ጊዜ ነው። መስቀል አደባባይ በሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳ ላይ የተደረደሩት ፎቶግራፎች ሲታዩ፣ ከብዙዎቹ ፊት ላይ ገና ያልጠፋው ልጅነት ነው።

እንግዲህ በሪቨርዴል ስህተት ዋጋ የለውም፤ በዚያን ጊዜዋ አዲስ አበባ ደግሞ ስህተት ያልሆነው ነገር ሁሉ የሕይወት ዋጋ ነበረው። ከዚህኛው ዓለም ወጥቶ ልጁን እዚያኛው ውስጥ የሚያሳድግ ሰው አርቺን አይቶ «ይኼ ምን ቧልት ነው» ቢል አይፈረድበትም። ልጁ ደግሞ አባቱን አይቶ «ለአንድ የሂሳብ ፈተና ይኼ ሁሉ ለቅሶ ለምን?» ቢል እሱም ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ስህተት ክብደት ይመስላቸዋል፤ አንዱ ከባድ ነው ይላል፣ ሌላው ቀላል ነው ይላል።

ነገር ግን የስህተት ክብደት ያለው በስህተቱ ውስጥ ብቻ አይደለም። ይህን ለማየት ከኮሚክ መጽሔት ዕድሜ በብዙ የሚበልጥ አንድ የአገር ቤት ቃል ይበቃል። ቃሉ ዋስ ነው።

በቀድሞው የኢትዮጵያ ሙግት ሰው ሲከሰስ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ዋስ ጥራ» ተብሎ ነበር። ዋስ የሚጠራ ሰው እስከ ቀጠሮው ድረስ ቤቱ ገብቶ ያድራል፣ እርሻውን ያርሳል፣ ልጆቹን ያያል። ዋስ ያጣ ግን ከከሳሹ ጋር አንዳንዴ በሰንሰለት፣ አንዳንዴም በነጠላ ጫፍ ይቆራኛል። ተከሳሽና ከሳሽ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ። ይህ ቁራኛ ይባል ነበር፤ ሥርዓቱ ቢቀርም «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» የሚለው አነጋገር ዛሬም አለ። ልብ መባል ያለበት ሁለቱ ሰዎች በአንድ ዓይነት ጥፋት የተከሰሱ ሊሆኑ መቻላቸው ነው። ልዩነቱ ከጥፋቱ አይደለም። ልዩነቱ አንዱ «በኔ ይሁንበት» የሚል ሰው ስላለው፣ ሌላው ስለሌለው ነው።

አርቺን በዚህ ዓይን ያየ ሰው የሪቨርዴልን ምስጢር ያገኘዋል። አርቺ ስህተቱ ቀላል ስለሆነ አይደለም የሚተርፈው፤ ከተማው ሁሉ ዋሱ ስለሆነ ነው። ሚስተር ዌዘርቢ ይጮኽበታል፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ያስቀረዋል፣ መዝገቡን ግን አያበላሽበትም። ሚስተር ሎጅ ያባርረዋል፣ አይከሰውም። ፖፕ ቴት ለጓደኛው ለጀግሄድ ሃምበርገር በዱቤ እየሰጠ ሒሳቡ ሲከማች ያጉረመርማል፣ በሩን ግን አይዘጋበትም። ፖሊሱም አያስፈራም። ይህ የመጨረሻው በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። በ1954 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ኮሚክ አሳታሚዎች ማኅበር ባወጣው ደንብ ፖሊስን፣ ዳኛንና የተከበሩ ተቋማትን ክብር በሚነሣ መልክ መሣል ተከልክሎ ነበር። ማኅበሩን ለብዙ ዓመታት በፕሬዚዳንትነት የመራው ደግሞ ከአርቺ አሳታሚዎች አንዱ የሆነው ጆን ጎልድዋተር ነው። ሪቨርዴል ሥልጣን ያለው ሰው ሁሉ በመጨረሻ ደግ የሆነባት ከተማ ሆና የተሣለችው ከዚህም ጭምር የተነሣ ነው።

ታዲያ በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ተቃውሞ ማንሣት ይቻላል፤ ሁለቱም ከባድ ናቸው።

የመጀመሪያው ስለ ቤቲ ነው። ዋስ ካለ ከፋይ አለ። አርቺ ከቤቲና ከቬሮኒካ አንዷን ሳይመርጥ በኖረበት ዘመን ሁሉ ዋጋውን ስትከፍል የኖረችው በአብዛኛው ቤቲ ናት። መኪናውን ስትጠግንለት፣ ለፈተና ስታስጠናው፣ ቬሮኒካ ቀጠሮ ስትሰርዝበት «እሺ» ስትለው ኖራለች። በሚቀጥለው ወር አርቺ በደሉን እንደረሳ ሁሉ እሷም መበደሏን ረስታለች፤ ደራሲዎቹ አስረስተዋታል። እዚህ ላይ መርሳትና ይቅርታ አንድ እንዳልሆኑ ይታያል። በአገር ቤት ሽምግልና «ይቅር ለእግዚአብሔር» ከመባሉ በፊት በዳዩ ጥፋቱ ይነገረዋል፣ ተበዳዩ ይሰማል፣ ካሳ ካለ ይቆረጣል። ይቅርታ ነገሩን አውቆ ማለፍ ነው። ሪቨርዴል ውስጥ የሚታወስ ነገር ስለሌለ ይቅር የሚባልም ነገር የለም፤ ለዚህም ነው አርቺ የማያድገው። ሰው የሚያድገው ባጠፋው ነገር ላይ ቆሞ ነውና።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይብሳል። ዋስነቱ ለማን ነበር? በዚያች ከተማ አስተዋጽኦ ያለው ጥቁር ተማሪ፣ ቸክ ክሌይተን፣ የታየው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው፤ ይህም አርቺ ከተፈጠረ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ቸክ ኮሚክ ሠዓሊ መሆን የሚመኝ፣ አባቱም በትምህርት ቤቱ የስፖርት አሠልጣኝ የሆነ ጨዋ ልጅ ነው። እሱ ከመምጣቱ በፊት በነበሩት ሠላሳ ዓመታት «ልጅ ነው፣ ይሳሳታል» የሚለው ቸርነት መልክ ነበረው፤ መልኩም ነጭ ነበር።

ይህ የሥዕል ብቻ ጉዳይ አለመሆኑን ሎስ አንጀለስ በመራራ መንገድ አሳይታለች። ማርች 16 ቀን 1991 እ.ኤ.አ. በከተማዋ ደቡብ ላታሻ ሃርሊንስ የምትባል የዐሥራ አምስት ዓመት ጥቁር ተማሪ ወደ አንድ ሱቅ ገባች። 1 ዶላር ከ79 ሳንቲም የሚያወጣ የብርቱካን ጭማቂ አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ገንዘቡን በእጇ ይዛ ነበር። ባለሱቋ ልትሰርቅ ነው ብላ ያዘቻት፤ ግብግብ ተፈጠረ፤ ልጅቱ ጭማቂውን ትታ ዘወር ስትል ከኋላዋ ተተኮሰባት። ገዳይዋ ጥፋተኛ ብትባልም ዳኛዋ የፈረዱት የአመክሮ ጊዜ፣ የ400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና 500 ዶላር መቀጫ ነው። በፍርዱ የቆሰለው ቁጣ በሚቀጥለው ዓመት ከተማዋን ካቃጠሉት ምክንያቶች አንዱ ሆነ።

ፖፕ ቴት ሱቅ ውስጥ ያለ ገንዘብ የሚበላው ጀግሄድ ለሰማንያ ዓመት ያሥቃል። ገንዘቧን በእጇ የያዘችው ላታሻ ሞተች። ሁለቱን ልጆች የለያያቸው ጥፋት አይደለም፤ እሷማ ጥፋትም አልነበረባትም። የለያያቸው ዋስ ነው።

ስለዚህ በፌርፋክስ ጎዳና ሬስቶራንት፣ ባንኮኒው ጀርባ ቆማ ልጇን በዓይነ ቁራኛ የምትጠብቅ እናት ኋላ ቀር ተብላ ልትታለፍ አይገባም። «አንተ እንደ ጓደኞችህ አይደለህም፤ አንተ ስትሳሳት እንደነሱ አይታለፍልህም» ስትለው፣ ከአገር ቤት ያመጣችው ፍርሃት እዚህ ካየችው እውነት ጋር ገጥሞላት ነው። ልጇ በመንገድ ላይ ሲታይ ማንም የእሷን ታሪክ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ወይም የመስጊዱን አስተዳደግ አያነብበትም። የሚያነብበው ቆዳውን ነው። ጥንቃቄዋ ዕውቀት ነው።

ሆኖም ዕውቀት ሁሉ ወደ ትክክለኛ ድርጊት አያደርስም። ውጭ ዋስ የሌለው ልጅ ቤት ውስጥም ዋስ ካጣ፣ በቀድሞው አነጋገር ከስህተቱ ጋር ተቆራኘ ማለት ነው። አብሮት ይበላል፣ አብሮት ይተኛል፣ ለማንም አይናገርም። የወደቀበትን ትምህርት ይደብቃል፤ የገባበትን ችግር ይደብቃል፤ መጨረሻ ላይ ራሱን ይደብቃል። በዚህ ላይ «ሰው ምን ይላል» የሚባለው ፍርድ ቤት ይጨመራል። ይህ ችሎት የሪቨርዴል ተቃራኒ ነው፤ ሁሉንም ያስታውሳል፣ አንዱንም አያልፍም። የእገሌ ልጅ ኮሌጅ አቋርጦ እንደነበር ከዐሥር ዓመት በኋላ በሰርግ ላይ ይነሣል።

ደግሞ ዋስ የሚመስል፣ ግን ዋስ ያልሆነ ነገር አለ። ወላጅ በሁለት ሥራ ደክሞ ልጁን ያስተምራል፤ ልጁ ሲሳሳት ግን «እኔ ላንተ ብዬ እንዲህ ሆኜ» ይለዋል። ድካሙ እውነት ነው፤ ፍቅሩም እውነት ነው። በዚያች ቅጽበት ግን ወላጁ ከዋስነት ወደ አበዳሪነት ተሻግሯል። ዋስ «በኔ ይሁንበት» ይላል፣ አበዳሪ «መቼ ትመልሳለህ» ይላል። ለልጁ ሁለቱ ድምፆች በጣም ይለያዩበታል፤ ከመጀመሪያው ጋር ስለ ጥፋቱ መነጋገር ይቻላል፣ ከሁለተኛው ጋር መደራደር ወይም መሸሽ ብቻ ነው የሚቻለው።

ዋስነት ማለት ጥፋትን መሸፈን እንዳልሆነም መታየት አለበት። የድሮው ዋስ ተከሳሹን ከችሎት አያስቀርም ነበር፤ እንዲያውም በቀጠሮው ቀን ማቅረብ ግዴታው ነው። አጥፊው ጥፋቱን ፊት ለፊት እንዲያይ የሚያደርገው፣ ነገር ግን እስከዚያው በሰንሰለት እንዳይሆን የሚጠብቀው ሰው ነው። የቤቲን በደል የሚያስረሳው የሪቨርዴል ቸርነት ይህን ግማሽ አጥቷል። «ሰው ምን ይላል» ደግሞ ሌላውን ግማሽ አጥቷል።

በዚህ ሁሉ መሐል ሳቁ ምን ይሠራል? የአገር ቤት ቀልድ ብዙውን ጊዜ የሚያነግሠው ብልጡን ነው። አለቃ ገብረ ሐና በቃል ጨዋታ ባላጋራቸውን ሲረቱ ይሣቃል፤ ሞኙ ግን የሚሣቅበት እንጂ የሚሣቅለት አይደለም፤ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ተብሎ ይተረትበታል። በቅርብ ዓመታት ኢታን ኮሚክስ ያሳተመው «ጀምበር» የተባለው የኢትዮጵያ ኮሚክም የመረጠው ልዩ ኃይል የሚያገኝ ጀግና ወጣትን ነው። ብልጥና ጀግና መኖራቸው መልካም ነው። ነገር ግን ብልጥም ጀግናም ያልሆነ፣ ተራ ልጅ ሆኖ ተራ ስህተት የሚሠራ፣ ግን የሚወደድ ገጸ ባሕርይ ለአንድ ልጅ የሚነግረው ሌላ ነገር አለ። አርቺን የሚያነብ ሰው ልጁ እንደሚወድቅ ከመጀመሪያው ገጽ ያውቃል፤ እንዲሁ እያወቀ ከጎኑ ይቆማል። እንዲህ ዓይነቱ ሳቅ ራሱ ትንሽ ዋስትና ነው። አባትም ልጁ ስለሠራው ስህተት ከልጁ ጋር አብሮ መሣቅ የቻለ ቀን፣ ስህተቱ ከልጁ ማንነት ተለይቶ በመካከላቸው የተቀመጠ ዕቃ ይሆናል።

አርቺ ራሱ አንድ ጊዜ አድጎ ነበር። የጉልምስና ሕይወቱን ምናባዊ አድርጎ በሚተርከው «ላይፍ ዊዝ አርቺ» በተባለው ተከታታይ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው 36ኛ ዕትም፣ ሴናተር በሆነው ጓደኛው በኬቪን ኬለር ላይ የተተኮሰውን ጥይት በራሱ ሰውነት ተቀብሎ ሞተ። በሌሎቹ መጽሔቶች ወጣቱ አርቺ እንደወትሮው ቀጥሏል። ያን ሞት ግን ለሽያጭ የተደረገ ብልሃት ብቻ ብሎ ማለፍ ከባድ ነው። ዕድሜ ልኩን ሌሎች የተዋሱት ልጅ፣ ሊመለስ የማይችል አንድ ነገር ሲያደርግ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ድርጊቱ ለሌላ ሰው ዋስ መሆን ነበር። ዋስ ያገኘ ልጅ ምን እንደሚሆን ለሚጠይቅ መልሱ ይህ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የተባለለትን «በኔ ይሁንበት» እሱም በተራው ለሌላው ይለዋል።

የሚቀረው ከባዱ ነገር የገዛ ልጅን መዋስ አይደለም። ያንን ዘመድም፣ ዕድርም፣ የነፍስ አባትም ያግዛሉ። ከባዱ የማያውቁትን ልጅ መዋስ ነው። በፒኮና በፌርፋክስ አካባቢ የአይሁድ፣ የላቲኖ፣ የጥቁር አሜሪካዊና የኢትዮጵያዊ ልጆች በአንድ መንገድ ይተላለፋሉ፤ በአንድ ሱቅ ይገበያሉ። ሪቨርዴል በቸርነቷ ብትወደስ የሚገባት፣ ሱቁም ትምህርት ቤቱም ለአንድ የሰው ልጅ ዋስ ለመሆን ስለተባበሩ ነው። ብትነቀፍ የሚገባት ደግሞ ያንን ለአንድ ዓይነት ልጅ ብቻ ስላደረገች ነው።

ለዚህ ነገር አማርኛ ሦስት ቃል አለው። መንገደኛ አዛውንት አንዱ ጎልማሳ በአንድ ልጅ ላይ ዱላ ሲያነሣ ቢያዩ፣ ማን እንደሆነም ሳይጠይቁ፣ «ተወው፣ ልጅ ነው» ይላሉ። ልጁ አላጠፋም አላሉም፤ ከዱላው በፊት ግን ራሳቸውን አስገብተዋል። በ1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ እነዚህን ቃላት የተናገረ ሰው ራሱ ይጠረጠር ነበር፤ ሽብሩ መጀመሪያ የገደለው ይህን የመንገደኛ ዋስነት ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ውስጥ ደግሞ፣ አንዲት ልጅ 2 ዶላር በእጇ ይዛ ባንኮኒ ፊት በቆመችበት ጠዋት፣ «ተያት፣ ልጅ ናት» የሚል አንድ ሰው አልተገኘም።